ፓተሬን በልኬ ላስተካከሉልኝ አረጋዊ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ዱላችሁን ይዛችሁ ወደ ጎልፍ ሜዳ የምትወጡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው አንድ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኔ ለተቸገረ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ባለሙያው ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ጥቁር አሜሪካዊ አባት ሲሆኑ፣ በቤታቸው ምድር ቤት ባለች ጠባብ ወርክሾፕ የጎልፍ ዱላ ይጠግናሉ፣ ይለካሉ፣ በተጫዋቹ ልክም ያስተካክላሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሰው ስልካቸውን እንድሰጥ ግን ፈቅደውልኛል።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ያህል፣ ፓተር ማለት ኳሷ ሣሩ እጅግ ወዳጠረው ግሪን ከደረሰች በኋላ በመሬት ላይ አንከባለን ቀዳዳው ውስጥ የምናስገባበት ዱላ ነው። አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀድለታል። ከእነዚህ ሁሉ የፓተርን ያህል የሚደክም የለም፤ ፓሩ፣ ማለትም ሜዳውን ለመጨረስ የተመደበው የምት ብዛት፣ 72 በሆነ ሜዳ ላይ ስሌቱ ራሱ ከ18ቱ ግሪኖች ለእያንዳንዱ ሁለት ምት፣ በጠቅላላው 36 ምት ይመድባል፤ ይህም የጨዋታው እኩሌታ ነው። እንዲህም ሆኖ አብዛኞቻችን ገንዘባችንንም ጭንቀታችንንም ኳስ አርቆ ለሚመታው ድራይቨር እናውልና ፓተሩን ከመደርደሪያ ላይ እንዳገኘነው አንሥተን እንሄዳለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

የእኔ ነገር የጀመረው ከአሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ከስኮቲ ሼፍለር ነው። በ2023 ዓመቱን ሙሉ በግሪን ላይ ሲቸገር የነበረው ይህ ተጫዋች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በማርች 2024 ኳሷን የሚመታው የዱላው ራስ ቀጭን ከሆነው ብሌድ ፓተር፣ ራሱ ሰፊ ወደሆነው ማሌት ቀየረ። በዚያው ሳምንት የአርኖልድ ፓልመርን ውድድር በ5 ምት ልዩነት አሸነፈ፤ በቀጣዩ ሳምንት ፕሌየርስ በተባለው ውድድር ድሉን ደገመ፤ በኤፕሪል ደግሞ ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር ወሰደ። ይህን በቴሌቪዥን ከተመለከትኩ በኋላ ወደ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄጄ፣ ወደ 400 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ከፍዬ የእርሱን የሚመስል ማሌት ገዛሁ። ርዝመቱ 35 ኢንች፣ ማለትም 89 ሳንቲሜትር ያህል ነበር። ሻጩ ቁመቴን አልጠየቀኝም፣ አቋቋሜንም አላየም፤ «35 መደበኛው ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ደረሰኙን ሰጠኝ። ሼፍለር 1 ሜትር ከ90 የሚሆን ሰው ነው፤ እኔ 1 ሜትር ከ66 ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተንገላታሁ። የመያዣው ጫፍ ከሹራቤ ጋር እየተጋጨ ሆዴን ስለሚነካኝ፣ አንዳንዴ ከኳሷ ራቅ ብዬ እቆም ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ እጄን ቁልቁል አውርጄ፣ ባዶው ብረት ሊጀምር ሁለት ጣት ሲቀረው እይዘው ነበር። በአንድ ዙር የምመታው የፓተር ምት ከ38 በታች ወርዶ አያውቅም፤ 40 የደረሰባቸውም ቀናት ነበሩ። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ፣ ከሬገን አየር ማረፊያ ወንዙን ተሻግሬ ሄይንስ ፖይንት ወደሚገኘው ሜዳ እሄድና ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት እየደጋገምኩ እመታለሁ። አንድ ቀን ይገባል፣ በማግስቱ አይገባም። ሰው ጥፋቱን ቢያውቀው ሊያርመው ይችላል፤ እኔን ያሳዘነኝ ጥፋቱ የት እንዳለ አለማወቄ ነበር።

ከታክሲ ሰልፍ አብሮኝ የሚውል፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው ሰው ነገሩን ሲሰማ፣ «ስህተቱ ካንተ ይሁን ከዱላው ሳታውቅ ስንት ወር ትለፋለህ ወንድሜ? እኚህን ሽማግሌ አነጋግራቸው» ብሎ ስልካቸውን ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። እኚህ አባት ጎልፍን የተማሩት በልጅነታቸው፣ በ1939 ለጥቁር ተጫዋቾች በተከፈተው የላንግስተን ሜዳ ነው፤ በዚያ ዘመን አዲስ ዱላ መግዛት ለሁሉም የሚሆን ነገር ስላልነበር፣ ያረጀውን እየቆረጡና እየጠገኑ ለልጅም ለአዋቂም ማድረስን ከታላላቆቻቸው እንደተማሩ አጫውተውኛል።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ደረስኩ ፓተሩን ከእጄ ተቀብለው ሳያዩት ግድግዳ አስደግፈው አስቀመጡት። ከዚያ ባዶ እጄን፣ ኳስ እንደምመታ ሆኜ እንድቆም አዘዙኝ። ትከሻዬን ነካ አድርገው «ክንድህን ልቀቀው፣ ራሱ ይውረድ» አሉኝና፣ ከገጠመው መዳፌ እስከ ወለሉ ድረስ በሜትር ለኩ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት ሰውየውን እንደሚለካ ሁሉ እርሳቸውም የጀመሩት ከእኔ ነበር። ቀጥሎ ፓተሩን አስያዙኝና ሌላ ኳስ ከሁለቱ ዓይኖቼ መካከል ወደ ታች ለቀቁ። የለቀቋት ኳስ ወለሉ ላይ ከተቀመጠችው ኳስ ወደ 10 ሳንቲሜትር ያህል ወደ እግሬ ቀርባ ወደቀች። ዱላው ስለረዘመብኝ ከኳሷ ርቄ እቆማለሁ፣ ስለራቅሁም መስመሩን ከላይ ሳይሆን ከጎን አያለሁ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ግን መቼም አልረሳውም። ኳሷን በሚነካው የፓተሩ ፊት ላይ አነስተኛ ሌዘር ገጠሙና አጠፉት፤ በ3 ሜትር ርቀት ሰሌዳ ላይ ወዳለች ጥቁር ነጥብ እንዳነጣጥር ነገሩኝ። ጊዜ ወስጄ፣ ቀጥ ብያለሁ ብዬ በሙሉ ልቤ ሳምን «ጨርሻለሁ» አልኩ። ሌዘሩን ሲያበሩት ቀዩ ብርሃን ከነጥቧ 9 ሳንቲሜትር ወደ ቀኝ ሄዶ አረፈ። አምስት ጊዜ ደገምነው፤ አራቱ በቀኝ በኩል ነበሩ። ገና ኳስ ሳልመታ ስቼ ነበር።

ነገሩን በቁጥር ሲያስረዱኝ ይበልጥ ገባኝ። የጎልፍ ቀዳዳ 108 ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 54 ሚሊሜትር ነው። ኳሷ የምትነሣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው ዱላው ኳሷን በነካበት ቅጽበት ፊቱ የሚያየው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ፊቱ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዞር በ3 ሜትር ርቀት ላይ ኳሷ ከመስመሯ 52 ሚሊሜትር ትርቃለች። አንዲት ዲግሪ ብቻ ያለንን ቦታ ሁሉ ትጨርሰዋለች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ወደ ሁለት ዲግሪ የሚጠጋ ስህተት ይዤ ነበር የምነሣው። አንዳንዱ ቀን የሚገባልኝ እጄ ሳላውቀው በምቱ መካከል አንጓዬን አጥፎ ስለሚያርመው ነበር፤ እንዲህ ያለ እርማት ደግሞ በድካም ቀን ይጠፋል። ያን ሁሉ ጠዋት ስለማመድ የነበረው ስህተትን በስህተት ማረም እንደነበር ያን ጊዜ ተረዳሁ።

በመጨረሻም ለእግር የሚነፋውን ነጭ ዱቄት በፓተሩ ፊት ላይ ረጭተው አሥር ኳስ አስመቱኝ። ምልክቶቹ ከመሃሉ ርቀው፣ ዘንጉ ወደሚገኝበት ወደ ተረከዙ ተሰብስበው ነበር። የዱላውም አፍንጫ፣ ማለትም ከዘንጉ የሚርቀው የራሱ ጫፍ፣ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ያይ ነበር። እዚህ ላይ ሐቀኝነታቸውን አደንቃለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን «አቅጣጫህን ያበላሸው ይህ ነው» ብሎ ያስፈራራኝ ነበር። እርሳቸው ግን የፓተር ፊት ወደ ላይ የሚያጋድለው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ የአፍንጫው መነሣት አቅጣጫን የሚለውጠው በጥቂቱ እንደሆነ፣ ዋናው ጉዳቱ በአቋቋሜና በዕይታዬ ላይ መሆኑን በግልጽ ነገሩኝ።

እኔ በልቤ አዲስ ፓተር ለመግዛት ተዘጋጅቼ ነበር። እርሳቸው ግን «ይህን ዱላ አትጣለው፤ ምንም አልጎደለውም፣ የሌላ ሰው ልክ ስለሆነ ነው» አሉኝ። አሮጌውን መያዣ በጠማማ ምላጭ ከፍተው ገፈፉ፣ ዘንጉን በቧንቧ መቁረጫ እያዞሩ 2 ኢንች ቀነሱለትና ወደ 33 ኢንች አመጡት። ዘንግ ሲያጥር የዱላው ራስ በእጅ ላይ ቀሎ እንደሚሰማ ስለሚያውቁ፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ስስ ተለጣፊ ቆርጠው ከዱላው ራስ ሥር ለጠፉበት፤ ጥቂት ጨመሩ፣ አስመቱኝ፣ እንደገና ጥቂት ጨመሩ። ይህቺን ነገር በግድየለሽነት ቢያልፏት ኖሮ ዱላው በእጄ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዝ ነበር። ዱላውን በማጠፊያው ብረት ላይ አስረው፣ ዘንጉ ከራሱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን 1 ዲግሪ አስተካከሉት። አንጓዬ እንዳይታጠፍ ወፈር ያለ መያዣ አለበሱትና፣ ሙጫው እስኪይዝ ድረስ ቡና አጠጡኝ። ከዚያ ሌዘሩን እንደገና ገጠምን። ቀዩ ብርሃን በጥቁሯ ነጥብ ላይ፣ አንዳንዴም ከእርሷ በ2 ሳንቲሜትር ርቀት ውስጥ ያርፍ ጀመር። የጠየቁኝ ገንዘብ ለፓተሩ ከከፈልኩት ከሩብ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ የዱላው ጥራት ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን ነው። ይህንኑ ጥያቄ ለእርሳቸው አቅርቤላቸው ነበር። የነገሩኝ የካርስተን ሶልሃይምን ታሪክ ነው። ኖርዌይ የተወለደውና በጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው ይህ ሰው ጎልፍ የጀመረው በ42 ዓመቱ ሲሆን፣ በፓተር አጨዋወቱ ስላልረካ በ1959 ፒንግ ብሎ የጠራውን ፓተር በቤቱ ጋራዥ ሠራ። ሐሳቡ የዱላውን ራስ ክብደት ከመሃል ወስዶ ወደ ዳርና ዳር ማድረግ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ኳሷ ከመሃል ወጣ ብላ ብትመታም ራሱ በቀላሉ አይዞርም፣ ርቀቱም ብዙ አይጎድልም። የዛሬዎቹ ሰፋፊ ማሌቶች ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው። ስለዚህ የአሠራሩ ጥራት ዋጋ አለው፤ በተለይ እንደ እኛ መሃሉን ሁልጊዜ ለማያገኝ ሰው። ከዚያ በላይ ያለው፣ ማለትም ብረቱ በማሽን ተፈልፍሎ ይሁን በቅርጽ ፈሶ መሠራቱ፣ ቀለሙና የፋብሪካው ስም፣ በእጅ ላይ የሚሰማው ስሜት ነው። ስሜቱን የሚወድ ሰው ይክፈልበት፤ አልነቅፍም። እኔ የደረስኩበት ግን በልክ የተስተካከለ ርካሽ ፓተር ከልክ ውጪ ከሆነ ውድ ፓተር እንደሚሻል ነው።

ታይገር ዉድስን እየጠቀሱ የሚከራከሩኝ ጓደኞች አሉኝ። ከ15ቱ ታላላቅ ድሎቹ 14ቱን በአንድ ፓተር ማሸነፉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚያስረዳው ልኩን ያገኘ ሰው መለወጥ እንደማያስፈልገው እንጂ ልክ ዋጋ እንደሌለው አይደለም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስድስት ወር ሆነኝ። በአንድ ዙር የፓተር ምቴ 33 እና 34 ላይ ረግቷል። ይህን ሁሉ ለዱላው ብቻ አልሰጥም፤ የግሪኑን ዳገትና ቁልቁለት ማንበብም ሆነ ከሩቅ ሲመቱ የኃይል መጠን ማወቅ በመለማመድ ብቻ የሚመጣ ስለሆነ፣ እርሳቸውም ከመለያየታችን በፊት «ርቀትን እኔ ልቆርጥልህ አልችልም» ብለውኛል። ሆኖም አሁን ስስት ለምን እንደሳትኩ አውቀዋለሁ። ወገቤንም እንደ ድሮው አያመኝም።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ የምታስቡ ሰዎች ያላችሁን ፓተር ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀድማችሁ አዲስ አትግዙ። በሜዳ የምትጫወቱበትን ጫማ አድርጉ፣ የጫማው ከፍታ ልኩን ይለውጠዋልና። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አይቸኩሉም፣ እናንተም አታስቸኩሏቸው። ለልጆቻችሁ የአዋቂ ፓተር ያስያዛችሁ ወላጆች ደግሞ በተለይ ብታዩአቸው ደስ ይለኛል፤ ልጅ በረጅም ዱላ የለመደውን አቋቋም ለማስተው ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ከእኔ በኋላ የሄደ አንድ ባልደረባዬን ለክተው፣ አይተው፣ «ያንተ ልክ ነው፤ ምንም አልነካውም» ብለው ያለ ክፍያ አሰናብተውታል።

ጌታዬ፣ ያን ቅዳሜ ስለሰጡኝ ጊዜ፣ ስለ ትዕግሥትዎና ስለ እውነተኛነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አማርኛ ስለማያነቡ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የልጄን ፓተር ይዤ ስመጣ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርጉሜ አነብልዎታለሁ።