መስማት ለተሳናቸው የተዘጋጀው የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሲገመገም

ይህ መሣሪያ ጭስ ሲያገኝ ብርቱ ብርሃን እያብለጨለጨ ከትራስ ሥር የተቀመጠውን ንዝረት ሰጪ ስለሚያንቀሳቅስ፣ የተኛን መስማት የተሳነው ሰው ለመቀስቀስ በድምፅ ብቻ ከሚሠሩት እጅግ ይሻላል። ድምፁም በ520 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ወፍራም በመሆኑ፣ በ3,000 ኸርዝ ገደማ በቀጭን ድምፅ ከሚጮኹት ከተለመዱት ይልቅ የመስማት አቅማቸው የቀነሰ አረጋውያንን ይቀሰቅሳል። መጠባበቂያ ባትሪ አለው። ቅር የሚያሰኘው መመሪያው ነው፤ በደቃቅ ፊደል የታተመ ከመሆኑም በላይ በምልክት ቋንቋ የተዘጋጀ ማብራሪያ አልተካተተበትም፤ አዘጋጆቹ ተጠቃሚውን የረሱት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 11 የአካል ጉዳተኞችን በአደጋ ጊዜ መጠበቅ የመንግሥታት ግዴታ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ሆቴሎችና የተማሪ መኖሪያዎች እንግዳው እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ ይህን መሣሪያ በአደጋ ጊዜ ዕቅዳቸው ውስጥ ቢያካትቱት ተገቢ ነው።