ሁለት ባትሪ፦ በተከታታይ ወይስ በትይዩ?

ዘጌም ይሁን ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ ቡና ቤት ሶላር ሲያስገባ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት (የባትሪው የመያዝ አቅም) ባትሪ አለ። እንዴት ይያያዙ?

በተከታታይ፦ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር። 24 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት።
በትይዩ፦ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ። 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት።

የተጠራቀመው ጉልበት (ቮልቱ በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ) በሁለቱም ያው 2400 ዋት ሰዓት ነው። "በተከታታይ ይበረታል" የሚሉትን አትስሟቸው።

ልዩነቱ ገመዱ ላይ ነው። 240 ዋት ለመሳብ በ24 ቮልት 10 አምፔር ይበቃል፤ በ12 ቮልት ግን 20 ያስፈልጋል። ከረንቱ (አምፔሩ) እጥፍ ሲሆን በዚያው ገመድ በሙቀት የሚባክነው አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጭን ገመድ ሲነኩት የሚሞቀው ለዚህ ነው። መፍትሔው ወፍራም መዳብ ነው፤ እሱ ደግሞ ኪስ ይጎዳል።

አደጋውስ? በተከታታይ አንዱ ከሞተ ሁለቱም ይቆማሉ። በትይዩ ደካማው የደህናውን ቻርጅ ይመጠዋል፤ ለየባትሪው ፊውዝ ግድ ነው። አሮጌና አዲስ መቀላቀል በሁለቱም አይሆንም።

አምፖልና የስልክ ቻርጅ ብቻ ከሆነ፣ ዕቃውም ባለ 12 ከሆነ፣ ትይዩ ይመቻል። ፍሪጅ የሚያስነሳ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት የሚቀይር ዕቃ) ከታሰበ ተከታታይ ይሻላል፤ ኢንቨርተሩና የቻርጅ መቆጣጠሪያው 24 ቮልት መቀበላቸውን ግን ሳትገዙ ሳጥኑ ላይ አንብቡ።