በደሴ የሚሰጥ ነፃ የሕግ ምክር

አቅም ያነሳትን ጎረቤቴን ስለ ልጆቿ ቀለብ ለማማከር በደሴ ከተማ ከሚገኙት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ወደ አንዱ ይዣት ሄጄ ነበር፤ አገልግሎቱን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ለመረጃው ትክክለኛነት ነው። በየስልኩ የሚዘዋወሩ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ሲሆን፣ በወሎ ለሚነሣ ክርክር ግን የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ የሕግ ባለሙያዋ ይህን ልዩነት ሳይጠየቁ አስረድተው አንቀጹን ከሕጉ ላይ ገልጠው አሳዩን። የዳኝነት ክፍያ (የፍርድ ቤት ክፍያ) መክፈል የማይችል ሰው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት፣ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በማሳየት ክፍያውን ሳይከፍል በድኅነት ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችልም ነግረውን ማመልከቻውን ያለ ክፍያ አዘጋጁልን። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ድኃ መብቱን ትቶ ቀርቷል! ቅር ያሰኘኝ የአገልግሎት ቀንና ሰዓት በሩ ላይ አለመለጠፉ ነው፤ ከገጠር ወረዳ የመኪና ከፍሎ ለሚመጣ ባለጉዳይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የምትሄዱ ሁሉ መታወቂያና የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ አትርሱ።