ዙትፌን፣ ፎርደን፣ ሩርሎ ወይስ ሃይስ ቤርግ? የኔዘርላንድ ግንቦችን ለማየት ላሰበ ሰው

እኛ ግንብ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ጎንደር ነው። ትኬት ይቆረጣል፣ በሩ ይታለፋል፣ ከዚያ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ ይዞራል። እኔም ይህንኑ ይዤ ነው በምሥራቅ ኔዘርላንድ «የስምንቱ ግንቦች መንገድ» የሚባለውን ለማየት የወጣሁት። ወደ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነዳሁ። ስምንቱንም አየኋቸው። ውስጡ የገባሁት ስንቱን ነው? አንዱንም! አብዛኞቹ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው።

መንገዱን መጥፎ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ግን ሳላውቅ ሄጄ ግማሹን ቀን ተናድጄ ዋልኩ። እናንተ አውቃችሁ ሂዱ።

መነሻው ዙትፌን ነው። አይሰል በሚባለው ወንዝ ዳር ያለች አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። በርከል የሚባል ትንሽ ወንዝ መሐሏን አቋርጦ ከአይሰል ጋር ይገናኛል። በመካከለኛው ዘመን የሐንዛ ከተሞች ማኅበር አባል ነበረች። ገንዘብ ያለበት ከተማ ደግሞ ቅጥር ያስፈልገዋል። በዙሪያዋ ባለው ገጠር የባላባቶቹ ርስቶች አሉ። ስለዚህ ምርጫው አራት ነው፦ የከተማዋ ቅጥር፣ የፎርደን ርስቶች፣ የሩርሎ ግንብ፣ ሃይስ ቤርግ።

ዙትፌን፦ በእግር፣ በነፃ

ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ እዚሁ ቅሩ። የድሮገናፕ ማማ ከ1444 እስከ 1446 የተሠራ የከተማ በር ነው። ያኔ «የጨው በር» ይባል ነበር። በርነቱ ብዙም አልቆየ፣ ተዘጋ። የዛሬ ስሙን ያገኘው በ16ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ ይኖር ከነበረ የከተማው ሙዚቀኛ ነው። ኋላ ደግሞ የውኃ ታንከር ሆኖ አገልግሏል። ወታደር፣ ሙዚቀኛ፣ ውኃ፤ አንድ ማማ ከዚህ በላይ ምን ይሥራ?

ቀርባችሁ ግድግዳውን ንኩት። ድንጋይ አይደለም፣ ጡብ ነው። በዚህ አካባቢ የሚጠረብ ድንጋይ የለም። የወንዝ ጭቃ ተተኩሶ ነው ግንብ የሆነው። ጎንደርን የለመደ ዓይን መጀመሪያ ትንሽ ቅር ይለዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ቀዩ ቀለም ሌላ ነገር ነው።

የበርከል በር ደግሞ ወንዙ ላይ በቅስት የተዘረጋ የቅጥር ቅሪት ነው። በጀልባ ወደ ከተማ የሚገባው ሁሉ በሥሩ ያልፍ ነበር። ዛሬም ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ ጀልባዎች በሞቃታማው ወራት ጎብኚ ይዘው ያልፉበታል። መራመድ የሚከብደው ሰው አብሯችሁ ካለ ለጀልባው ክፈሉ፤ ከቀኑ ወጪ ሁሉ እሱ አይቆጭም።

ዙትፌን ውስጥ አንድ የሚከፈልበት ነገር ብቻ ምረጡ ብባል ሊብራይ የሚባለውን ቤተ መጻሕፍት እመርጣለሁ። ከዋልቡርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው፤ በ1560ዎቹ መጀመሪያ ተሠራ። መጽሐፎቹ ዛሬም በብረት ሰንሰለት ከማንበቢያው ጠረጴዛ ጋር ታስረዋል። ማንበብ ይቻላል፣ ይዞ መውጣት አይቻልም። ወለሉን ደግሞ አጎንብሳችሁ እዩት። ሸክላው ላይ የእንስሳ ኮቴ ታትሟል። ሸክላው ሳይደርቅ ውሻ ረግጦት ይሆናል ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። የከተማው ተረት ግን እንዲህ አይልም። አንድ መነኩሴ በጾም ወራት እዚህ ተደብቆ ዶሮ ሲበላ ሰይጣን መጣበት፤ ኮቴው የሰይጣን ነው ይላል። ይህን ለአክስቴ ስነግራት «ታዲያስ!» አለች፣ ምንም ሳይገርማት።

ይህ ሁሉ በግማሽ ቀን ያልቃል። ዝናብ ከጣለ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በቀር መጠለያ የለም፤ ቅጥሩ ሜዳ ላይ ነው።

ፎርደን፦ በብስክሌት፣ ከበር ውጭ

ከዙትፌን ወደ ዊንተርስዋይክ የሚሄደውን ባቡር ይዛችሁ ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ስምንቱ ግንቦች በዚህች መንደር ዙሪያ ተበትነዋል። ፎርደን ግንብ እዚያው መንደሯ ጫፍ ላይ ነው፤ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የነበረበትም ጊዜ አለ። ሃክፎርት አሁን በተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር እጅ ነው፤ ግንቡ ውስጥ ግን ተከፋፍሎ ሰው ይኖርበታል። ዊልደንቦርኽ ስታሪንግ የተባለው ገጣሚ የኖረበት ነው። ዊርሰ በአትክልት ስፍራው የታወቀ ነው፤ በሩ የሚከፈተው ግን በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የቀሩትን አራቱን አልዘረዝርም። ዛፍ፣ ውኃ፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ የሰው መስኮት ነው የምታዩት።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? መንገዱ ራሱ ርስቱ ስለሆነ ነው። ግራና ቀኝ የተተከሉት ረጃጅም የባሉጥ ዛፎች ባላባቱ ከቤቱ ሲወጣ እንዲያያቸው የተተከሉ ናቸው። ማሳው፣ ጫካው፣ ወፍጮው አንድ ላይ ናቸው። ሃክፎርት አጠገብ የቆየ የውኃ ወፍጮ አለ። መንኰራኩሩ ሲዞር ቆማችሁ ካያችሁ፣ ግንቡን ማን ይመግበው እንደነበር ይገባችኋል።

ስለ ብስክሌቱ አንድ ነገር። እዚህ የሚከራየው ብዙ ብስክሌት የእጅ ፍሬን የለውም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡ ነው የሚቆመው። ያከራየኝ ሰውዬ ይህን አልነገረኝም። መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ እጄ ፍሬን ሲፈልግ እኔ ቦዩ ውስጥ ነበርኩ። ጉዳት የለም፤ ሱሪዬ ብቻ ጭቃ ጠጣ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሩ።

መንገድ መጥፋት ብዙም አያሰጋም። በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ። የምትሄዱባቸውን ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ላይ ለጥፉት። ከስልክ ይሻላል፤ ባትሪ አይጨርስም።

40 ኪሎ ሜትር ለሚከብደው ሁሉንም ማየት ግዴታ የለበትም። ፎርደንና ሃክፎርት ብቻ ይበቃሉ፤ በእግርም ይደረሳሉ። ትናንሽ ልጆች ይዛችሁ ግን ስምንቱን ለመጨረስ አትሞክሩ። ከሦስተኛው በኋላ «መቼ ነው የምንገባው?» ይጀመራል፤ መልሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ሩርሎ፦ ግንቡን ሳይሆን ሥዕሉን

በዚያው ባቡር ከፎርደን ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ሩርሎ ነው። ግንቡ በውኃ የተከበበ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የፋን ሄከረን ቤተሰብ ይዞት ኖሯል። ከ2017 ጀምሮ ግን የሞር ሙዚየም ክፍል ሆኗል። የሚታየው የካረል ዊሊንክ ሥዕል ነው። ሥዕሎቹ ፎቶ እስኪመስሉ ጥንቅቅ ያሉ ናቸው፤ ሰማያቸው ግን ሁሌም ማዕበል ሊመጣ ይመስላል። ለሥዕል ፍቅር ያለው ይሂድ። የባላባት አልጋና የጦር ልብስ ለሚፈልግ ግን ትኬቱ ይቆጨዋል። ለዝናብ ቀን ጥሩ ነው፣ አለቀ።

ሃይስ ቤርግ፦ እውነተኛው ውስጥ መግባት

«እንደ ጎንደር ገብቼ ልዙር» የሚል ሰው መልሱ ይህ ነው። ስሄረንበርግ የምትባለው ከተማ ውስጥ ነው፣ ጀርመን ድንበር ላይ። ችግሩ መንገዱ ነው። ባቡር አይደርስም፤ ዱቲንኸም ወርዳችሁ አውቶቡስ መያዝ ነው። መኪና ያለው ሰው ካገኛችሁ ቤንዚኑን ተካፈሉ።

ግንቡን በ1912 የገዛው ከኤንስኬዴ የመጣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነው፣ ያን ሄርማን ፋን ሄክ። አድሶ የመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ሥዕሎችን ሰበሰበበት። በወርቅ ቅብ ላይ የተሣሉ ትናንሽ የእመቤታችን ሥዕሎች አሉ። እኔ እዚያ የቆየሁትን ያህል ማማው ላይ አልቆየሁም። የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚወድ ሰው እነዚህን ለብቻው ጊዜ ሰጥቶ ይያቸው። በ1939 ቤቱ ተቃጥሎ ነበር፣ እንደገና ተሠራ። ስለዚህ አንዳንዱ ክፍል የምታስቡትን ያህል አሮጌ አይደለም።

ይህን ቤት ከዙትፌን ቅጥር ጋር የሚያያይዝ ታሪክ አለ። የዚህ ግንብ ጌታ ዊለም ፋን ደን ቤርግ በስፔን ላይ የተነሡትን ኔዘርላንዶች የመራው የኦሬንጁ ዊለም እህት ባል ነበር። በ1572 በስፔን ላይ በተነሣው አመፅ ዙትፌንን ያዘ። በዚያው ዓመት ኅዳር ግን የስፔን አገረ ገዥ የነበረው የአልባው መስፍን ልጅ ዶን ፋድሪኬ ከጦሩ ጋር መጣ። ቅጥሩ አላዳነም። ወታደሮቹ ሕዝቡን ጨፈጨፉ፣ ብዙ ሰው አይሰል ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ዊለም ፋን ደን ቤርግ ራሱ ግን ሸሽቶ ተርፏል። ስለዚህ ሁለቱንም የምታዩ ከሆነ ዙትፌን ይቅደም። ቅጥሩን ሳታዩ የሸሸውን ጌታ ሳሎን ብታዩ ያማረ ቤት ብቻ ነው የሚሆንባችሁ።

ስለ ወጪ፦ ለሩርሎም ለሃይስ ቤርግም መግቢያው በአንድ ሰው ከ10 ዩሮ በላይ አስቡ። ኔዘርላንድ የምትኖሩና በዓመት አራት አምስት ሙዚየም የምትገቡ የሙዚየም ካርድ ቢኖራችሁ ያዋጣል፤ የምትሄዱበት ቤት መቀበሉን ግን አስቀድማችሁ እዩ። ሰኞ ብዙው ቤት ዝግ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ቢመጣብኝ እንዲህ አደርገዋለሁ። ጠዋት ሊብራይና የድሮገናፕ ማማ። ከዚያ ባቡር ወደ ፎርደን፣ በእግር እስከ ሃክፎርት፣ ወፍጮው ዳር ቁጭ ብሎ ዳቦ በአይብ መብላት። የጾም ቀን ከሆነ አይቡ ይቅር፤ ኮቴው ያለው ወለል ሩቅ አይደለም።