አባቴን ጫካ ያዞረልኝን አስጎብኚ ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ምስጋናም ጥቆማም ነው። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ፣ ጫካ ውስጥ በእግር ዞራችሁ በዚያው ቀን መመለስ የምትፈልጉ ካላችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ፤ ሰው አለኝ። ስልኩ አደባባይ ላይ እንዲለጠፍ ስላልፈለገ እዚህ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ ግን እሰጣለሁ።

አባቴ አናጢ ነበሩ። ሰራተኛ ሰፈር ሙያ ለምደው፣ ሰራተኛ ሰፈር ሱቅ ከፍተው፣ እዚያው አርጅተው ነው ሥራ ያቆሙት። ፒያሳና አራት ኪሎ ስንት በር፣ ስንት ቁም ሳጥንና ቡፌ ከእጃቸው እንደወጣ እሳቸውም አያውቁት። እኛ ልጆቻቸው ያደግነው ሙጫና የእንጨት ፍቅፋቂ እየሸተተን ነው። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ስለ ድሮ ሥራቸው ሲያወሩ፣ “ዝግባን ዕድሜዬን ሙሉ ስልገው ኖርኩ፤ በቁሙ ግን አይቼው አላውቅም” አሉ። ጣውላ ሆኖ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ነው የሚያውቁት። እሷ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ጉልበታቸው ሳይብስ ዝግባን በቁሙ አሳያቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የደረሰብንን ስጽፈው አሁንም ያንገበግበኛል። ፎቶው የሚያምር፣ “ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ቀላል ጉዞ” የሚል ማስታወቂያ አይቼ ደወልኩ። አባቴ ሰባን ማለፋቸውን፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ፍርጥ አድርጌ ተናገርኩ። “ችግር የለም፣ አታስቢ፣ ብሩን በቴሌብር ላኪ” ተባልኩ። ላክሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተባለው አውቶቡስ የተንቀሳቀሰው ረፍዶ ነው፤ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው አስፋልት ዳር ቆመው ጠበቁ። መንገዱን ሙሉ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ ቀንሱልን ብንል የሚሰማን የለም። ይሄ ሁሉ ይቅር። ጉዞው ሲጀመር አስጎብኚ የተባለው ከወጣቶቹ ጋር ወደፊት ሸመጠጠ። አባቴ የመጀመሪያውን ዳገት እንኳ ሳያጋምሱ ሰዉ ሁሉ ከዓይናችን ተሰወረ። ቆይቶ ተመለሰና ምን አለኝ መሰላችሁ? “አባባን መኪና ውስጥ ብታስቀምጫቸው ይሻላል፤ ቡድኑን እያዘገዩ ነው።” እሳቸው እየሰሙ! አባቴ ክፉ መናገር አያውቁም፤ “ልክ ነህ ልጄ፣ እናንተ ሂዱ” ብለው ዞሩ። አብሬያቸው ተመለስኩና አውቶቡስ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር ተቀምጠን ዋልን። ብሩ አይደለም ያቃጠለኝ። ለመላው ሰፈር በር የሠሩ ሰው እንደ ትርፍ ዕቃ መቆጠራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ጫካ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከረሙ። ሌላ ሰው ደግሞ ሞከርኩ፤ እሱ ገንዘቡን ተቀብሎ ዋዜማው ማታ “ተሰርዟል” ብሎ ጽፎ ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሣም።

በቃኝ ብዬ ትቼው ሳለ ነው ካዛንቺስ መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትሠራ ልጅ የዚህን አስጎብኚ ስልክ የሰጠችኝ። እናቷን ወስዶላት ነበር።

ደወልኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ክፍያ አልነበረም። “አባባ የሚኖሩት ስንተኛ ፎቅ ነው?” አለኝ። ግራ እየገባኝ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ አልኩት። “ደረጃውን ሲወጡ ነው ሲወርዱ የሚቸገሩት?” ሲወርዱ። “ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ? ወደ ጎን ዞር ብለው ነው የሚረግጡት?” አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው የሚወርዱት! ቀጥሎ ግፊት፣ ስኳር፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ጠየቀ። ከዚያ፣ “እህቴ፣ ይዘሻቸው ነይ፤ የመጡበትን ምክንያት ሳያዩ አይመለሱም” አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያን ያህል ተቃጥዬ ነበርና ነው።

የወሰደን መናገሻ ሱባ ነው። ከከተማው መሀል ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስታዩ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል የሚታየው ተራራ ወጨጫ ነው፤ ጫካው ያለው እዚያ ተራራ ጎን ላይ ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ በዚያ በጥቅምት ብርድ፣ አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ በተባለው ሰዓት ሚኒባሱ ቆሞ ጠበቀን። በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርገን ሰበታ ገባን፤ ከዚያ አስፋልቱ ይቀርና ኮረኮንች ነው። ሹፌሩም የተባረከ ነው፤ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ ይላል። ዋዜማውን አስጎብኚው ልጅ ጫካው ድረስ ደውሎ ስለ መንገዱም ስለ መግቢያውም አረጋግጦ ነበር፤ በር ላይ ማንም አላጉላላንም።

መኪና ውስጥ በስልኩ ካርታ አውጥቶ ስለ ከፍታው፣ ስለ መስመሩ ብዙ አስረዳኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙው አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ጉዞው ዙሪያ ነው፤ በሄዱበት አይመለሱም፤ በአንዱ ጎን ወጥተው ጫካውን ዞረው በሌላው ጎን መነሻው ላይ ይገጥማሉ። ሌላ ጊዜ በሰፊው መንገድ ወጥቶ በቀጭኗ ቁልቁለት ነው የሚመለሰው። ለአባቴ ሲል ገለበጠው። ጠዋት ጉልበት ሳለ ቀጭኗን ዳገት ቀስ እያልን ወጣን፤ ከሰዓት፣ ድካም ሲመጣ፣ ቀስ እያለ በሚወርደው ሰፊ መንገድ ተመለስን። የደረጃው ጥያቄ ለካ ለዚህ ኖሯል!

ሌላው ደግሞ አሰላለፉ ነው። ጉዞው ሲጀመር አባቴን ከፊት አስቀደመ፤ እሱ ከጎናቸው፣ ወጣቶቹ ከኋላ። “የዛሬው እርምጃ የአባባ እርምጃ ነው” አለ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። አንድ ሁለቱ መጀመሪያ ላይ ፊታቸው ጠቆር ብሎ ነበር። የወጨጫን ጫፍ ለመውጣት ያሰቡ ናቸው፤ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ አስታና ጅብራ የሚበቅልበት ብርዳም ቦታ። ለእነሱም ሌላ ቅዳሜ እንደሚወስዳቸው፣ ዛሬ ግን ከጫካው እንደማንወጣ ገና መኪና ላይ በግልጽ ነግሯቸው ነበር። ማንንም አላታለለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሳንሄድ ልጁ ቆመና፣ “አባባ፣ ይሄን ያውቁታል?” አለ። ቀና ብለን ብናይ ጫፉ አይታይም። አባቴ ቅጠሉን አዩ፣ ግንዱን አዩ፣ “አላወቅሁትም” አሉ። “ዝግባ ነው” አላቸው። አባቴ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና ሁለት መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ቅርፊቱ በስስ በስሱ ይላጣል፤ ከሥሩ ቀላ ይላል። በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ ጣውላ ሲገዙ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ “አንተ ነህ እንዴ?” አሉት። ለዛፉ ነው የሚሉት። ማንም አልሳቀም። ልጁ አላጣደፋቸውም፤ ሰዓት አላየም፤ “ቀጥሉ” አላለም። እስኪጠግቡ ድረስ ከጎናቸው ቆመ። እኔ ይሄን ልጅ የማመሰግነው ከሁሉ በላይ ለዚያች ቆይታ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ልጁ ዛፉን በቁሙ ያውቃል፤ አባቴ ተቆርጦ ያውቁታል። “ይሄ ጥቁር እንጨት ነው፤ ምን ይሠራበታል አባባ?” ይላል። አባቴ ያስረዳሉ፤ የትኛው ምስማር እንደማያስገባ፣ የትኛው ሳይደርቅ ከተሠራ እንደሚጣመም፣ ወይራ መላጊያ እንዴት እንደሚያደንዝ። ፊታቸው የጠቆረው ወጣቶች ተጠግተው ሲጠይቁ ዋሉ። ጽድ ያለበት ስንደርስ፣ ግቢያችን አጥር ላይ የምንተክለው የፈረንጅ ጽድ እንደሆነ፣ ይሄ ግን የአገራችን የሐበሻ ጽድ እንደሆነ ነገረን። አባቴ የወደቀ ቅርንጫፍ አነሡ፤ ስባሪው ውስጡ ቀይ ነው። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱትና ሁላችንንም አስሸተቱን፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ ልጁ በአክብሮት፣ “አባባ፣ ከዚህ ጫካ ምንም አይወጣም” አላቸው። አባቴ ደስ ብሏቸው መለሱት። “እንዲህ ያለ ጠባቂ ድሮ ቢኖር” አሉኝ በኋላ።

ስለ ጫካው ታሪክም ነግሮናል። እንደሚተረከው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። አፄ ምኒልክም አስጠብቀውታል። እንጦጦ ላይ በብዛት የምናየው ባሕር ዛፍ እኮ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር፣ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። አባቴ ይሄን ሲሰሙ፣ “ታዲያ እኛ የቀረውን ነው ስንልግ የኖርነው” ብለው ለረጅም ሰዓት ዝም አሉ።

ጉሬዛ አይተናል፤ ነጭ ካባዋን እያንጠለጠለች ከዛፍ ዛፍ ትዘላለች። አንድ ቦታ ላይ ልጁ እጁን ብቻ አነሣ፤ ሁላችንም ባለንበት ቆምን፤ ጥቁር የምኒልክ ድኩላ መንገዱን አቋርጦ ገባ። ነብር አለ ይባላል፤ እኛ አላየንም፣ እግዜር ይመስገን።

ደግሞ ኮሶው! ወደ ላይ ከፍ ስንል ቀይ አበባ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠለበት ዛፍ አሳየን። “የሚጠጣው የሴቷ አበባ ነው፤ ቀዩ” አለ። አባቴ በልጅነታቸው እናታቸው ጠዋት በባዶ ሆድ ኮሶ ያጠጧቸው የነበረውን፣ እምቢ ሲሉ አጎታቸው አፍንጫቸውን ይዘው ያስጨረሷቸውን ማውራት ጀመሩ። “ያን ሁሉ ዕንባ ያስፈሰስከኝ አንተ ነህ!” እያሉ አበባውን ተቆጡት። አባቴ እንዲህ ሲስቁ ያየሁት እናቴ ካረፈች ወዲህ ያን ቀን ነው።

ምሳ ጥላ ስር በላን፤ ያመጣሁት ፍርፍር፣ ቆሎ፣ ከፔርሙዝ ቡና። ልጁ መጀመሪያ ለአባቴ አጎረሰ። ስንወርድ ደግሞ ከዘራ በሌለበት በኩል ክንዱን ሰጣቸው። የሚደገፍ ሽማግሌ እንዲመስሉ አላደረጋቸውም፤ ወሬ የያዙ ሁለት ወዳጆች ነው የሚመስሉት። በማግስቱ ጠዋት ደውሎ፣ “ጉልበታቸው እንዴት አደረ?” አለኝ። ደህና አድሯል። ማን ነው ሥራው ካለቀ፣ ብሩን ከተቀበለ በኋላ ደውሎ የሚጠይቅ? እስቲ ንገሩኝ!

ወገኖቼ፣ እናት አባቶቻችሁን ለዚህ ልጅ በሙሉ ልብ ስጡት። “አሁን ምን ያደርግላቸዋል፣ አርጅተዋል” አትበሉ። ጉልበት የሚያማቸው፣ ቀስ የሚሉ፣ ሰው እንዳያስቸግሩ ብለው ቤት የሚውሉ ካሉ ደውሉለት። ጥያቄው ሲበዛ እንዳትሰለቹ፤ ጥያቄው ነው ሥራው። የሚያስከፍለው ተመጣጣኝ ነው፣ ቀድሞ ሙሉውን አይቀበልም። ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ የአባቴን ፊት ያበራህ አንተንም ያብራህ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ይበርዳል፣ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ፤ ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ፤ ውኃ በየሰዉ ይኑር። አባቴ በበኩላቸው የድሮ የሰራተኛ ሰፈር የሙያ ጓደኞቻቸውን እየሰበሰቡ ነው፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ይሄዳሉ። ልጁ ብዙ ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ስለማይይዝ የቀረው ቦታ ጥቂት ነው። አናጢ፣ ግንበኛ፣ ብረት ሠሪ የነበረ አባት ያላችሁ እስከ ገና ድረስ ጻፉልኝ፤ አባቴ ራሳቸው ደውለው ያነጋግሯቸዋል።