ቪትዝ በፍኖተ ሰላም፦ አምስት ዓመት ነድቼ የማውቀውን ልንገራችሁ

ሰላም ናችሁ? "ቪትዝ ልገዛ ነው ምን ትላለህ" እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ፅፌው ልገላገል ብዬ ነው። መካኒክ አይደለሁም፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የፅህፈት መሳሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው ያለኝ፣ የማወራውም ስለ ራሴ መኪና ብቻ ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ፣ በፈረንጅ የ2001 ስሪት፣ ሞተሯ 997 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ፣ ቀለሟ ሲልቨር። በኛ በ2013 በ640 ሺህ ብር ነው የገዛኋት። 300ው ከእቁብ (ተራው የሌላ ሰው ነበር፣ ለምኜ ተቀያየርን)፣ 160ው ከሱቁ፣ 100ው ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከው፣ የቀረው 80 የባለቤቴ የአንገት ሀብልና ሁለት አምባር ነው። ይሄን የመጨረሻውን ያዙልኝ በኋላ እመለስበታለሁ፣ እሷም እስካሁን አልረሳችውም።

እሺ መኪናዋ። ትንሽ ናት፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60 ምናምን ነው፣ ጋቢናው ግን ከውጭ ሲያዩት ከሚመስለው ይሰፋል፣ ጣራው ከፍ ስለሚል እኔ 1 ሜትር ከ82 ሆኜ ጭንቅላቴን አይነካኝም። ከኋላ ሶስት ሰው ይቀመጣል ይባላል፣ አዎ ሶስቱም ከተዋደዱ ይቀመጣል። ቶዮታ ይቺን ማምረት የጀመረው በፈረንጅ በ1999 ነው፣ አውሮፓ ላይ ያሪስ ብለው ነው የሸጧት፣ እዛ በ2000 የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች፣ እና ያ ሁሉ ሽልማት ያገኘች መኪና ሰፈር ስትደርስ "ይቺ ጫጩት ስንት ገባች" ነው የተባለችው። በፈረንጅ ከ2005 በኋላ የመጣችው ሁለተኛዋ ቪትዝ ሌላ ናት፣ እሷ 1.0ዋ ባለ ሶስት ሲሊንደር ስለሆነች ቆማ ስትሰራ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ስለዚህ ደላላ ቪትዝ አለ ሲላችሁ የትኛዋ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ በደንብ የምታዩት ነገር መሪዋን ነው። ጃፓን መሪ በቀኝ ነው፣ የኔዋ በዱባይ በኩል መሪዋ ወደ ግራ ተቀይሮ የገባች ናት። ስራው ጥሩ ከሆነ ምንም አይታወቃችሁም፣ መጥፎ ከሆነ ግን ዳሽቦርዱ አቧራ መንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። ስትገዙ ምንጣፉን ገልጡ፣ ከፔዳሎቹ ጀርባ በባትሪ አብርታችሁ ብየዳውን እዩ። የኔዋ ላይ ፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያው ቦታ ተቀያይረዋል፣ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ወደ ቀኝ ልታጠፍ በፀሀይ መስታወት ስጠርግ ነበር የከረምኩት። የፍጥነት ቁጥሩ መሀል ላይ በትልቁ ነው የሚበራው፣ ለሹፌር ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪ ሁሉ ይታያል። እናቴ ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ታውቃለች፣ 80 ስገባ "ቀስ በል ልጄ፣ ማን ያባርረናል" ትላለች። እሷ ካለች ከ75 አላልፍም።

ነዳጅ ላይ ሀቀኛ ናት። ረጅም መንገድ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄድልኛለች፣ ከተማ ውስጥ 11 ወይ 12። ችግሩ ነዳጁን ማግኘቱ ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን ከ100 ብር አልፏል፣ እሱም ሲገኝ ነው፣ ሳይገኝ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ትገዛለህ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም ደሜ ይፈላል፣ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት አታውቅም፣ አንዴ በሃይላንድ የገዛሁት ፊልትሮዋን ደፍኖብኝ ደንበጫ ላይ ግማሽ ቀን ተገትሬያለሁ።

አዲስ አበባ ከኛ 387 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "አባይ በረሃን ትወጣዋለች ወይ" ብሎ ነው። ትወጣዋለች። ግን አራት ሰውና 50 ኪሎ ጤፍና የማር ቆርቆሮ ጭናችሁ ከሆነ ኤሲውን አጥፉት፣ ከሲኖትራክ ኋላ በትእግስት ሂዱ፣ ለመቅደም አትሞክሩ ጉልበቷ አይበቃም፣ ስትጮህ ብቻ ነው የምትሰሙት። ከዳገቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ አሉ፣ ሽታው መስኮት ተዘግቶም ይገባል። ማርሹን 2 ላይ አድርጉትና ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ብቻ። ታች ስትደርሱ ጃፓኖች በእርዳታ የሰሩት አዲሱ ድልድይ አለ፣ እዛ ላይ ሳልፍ ሁሌ "በይ ዘመዶችሽን ሰላም በያቸው" እላታለሁ፣ ልጆቼ ሰልችቷቸዋል።

ክረምት ላይ ግን አትመኩባት። እናቴ ያለችው ከጅጋ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፣ መሬቱ መረሬ ነው፣ ሀምሌና ነሀሴ እንኳን ቪትዝ አይሱዙም ይይዛል። ከመሬት ከፍታዋ ዝቅተኛ ስለሆነ ሆዷ ጭቃው ላይ ይተኛል። አንዴ ስምንት ጎረምሳ ተሰብስቦ ከነእኔ አንስተው አወጧት፣ ከመካከላቸው አንዱ "ጋሼ፣ ይቺንስ በአህያ ጭነህ ብታመጣት ይሻልሃል" አለኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

መኪናዋን የምትገዙበት ዋናው ምክንያት መለዋወጫው ነው፣ ያለቀለት ነገር። ደብረ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ሄዳችሁ የቪትዝ እቃ አጣሁ ማለት አትችሉም፣ ካንዴላ በሉት የፍሬን ሸራ በሉት ስፖኪዮ በሉት ሁሉም አለ፣ ኦሪጅናል፣ ሁለተኛ ደረጃ እና "ወንድሜ ይሄን አትውሰድ" የሚባለው። ጋራዥ ላይ ግን ቆማችሁ አሰሩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ለሰርቪስ ሰጥቼ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ደህናው ባትሪዬ በሌላ ተቀይሮ ነበር፣ ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ ጠዋት አልነሳ ስትለኝ ነው፣ ማስረጃ የለኝም፣ የነሱ መልስ "ባትሪ ያረጃል" የሚል ነበር። አሁን ባትሪዬ ላይ በማርከር ፈርሜበታለሁ።

እና አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሰው ለምን ነው ይሄን ሁሉ ብር ለ20 ምናምን ዓመት መኪና የሚያወጣው? እኔን ስትጠይቁኝ አምስት ዓመት ሙሉ የመለስኩት መልስ "ኢንቨስትመንት ነው" የሚል ነው። መልሱ አሪፍ ነው፣ ቁጥርም አለው። ባንክ ብታስቀምጥ 7 ፐርሰንት ነው የሚከፍልህ፣ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር፣ ስለዚህ ብርህ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ይከሳል። መኪና ደግሞ ሀገሩ ላይ ጥቂት ነው፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ህዝብ ይዘን ያለን መኪና አንድ ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ቢል ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ጣለ፣ በ2016 ደግሞ መንግስት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ብሎ ከለከለ፣ በዛው ዓመት ሀምሌ ላይ ዶላሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ሁሉም ነገር ሰማይ ወጣ። ስለዚህ አንዴ የገባችው ቪትዝ እያረጀች ትወደዳለች፣ በሌላ ሀገር መኪና ከሱቅ ስትወጣ ዋጋዋ ይወርዳል ይባላል፣ እኛ ጋር ተጋጭታም ትጨምራለች። የኔን ባለፈው ጥር አንዱ 1.6 ሚሊዮን ልስጥህ ብሎኛል። 640 ገብቶ 1.6 ሚሊዮን። ቡና ላይ ይሄን ሳወራ እንዴት ደስ እንደሚለኝ አትጠይቁኝ።

ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለኢንቨስትመንት ብቻ ቢሆን ሸጬ አልገላገልም ነበር? አልሸጥኩም።

ከባጃጅ ስወርድ "ወንድም" የምባል ሰውዬ ከቪትዝ ስወርድ "ጋሼ" ሆንኩ። አንድ መስሪያ ቤት አለ ለስራ የምመላለስበት፣ በእግሬ ስሄድ ጥበቃው መታወቂያ አምጣ፣ ቦርሳህን ክፈት፣ ማንን ፈልገህ ነው ይለኛል፣ በመኪና ስሄድ ያው ሰውዬ ያው ጥበቃ ገመዱን አውርዶ እጁን ያነሳልኛል። አንድ ቀን ሆን ብዬ መኪናዋን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ገባሁ፣ ፈተሸኝ። ቪትዝ እኮ ናት፣ ቪ8 አይደለችም!

ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። አያቴ ሁለት በሬ ሸጦ በቅሎ የገዛ ሰው ነው፣ አያቴ ሴቷ እስክትሞት "በሬ ሸጦ ኮርቻ የገዛ" ትለው ነበር። በቅሎዋ እርሻ አታርስ፣ ወተት የላት፣ ግን ቤተክርስቲያን ሲሄድና ሽምግልና ሲጠራ በሷ ነው፣ ጌጧ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ ይሰማል። ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል፣ ሰውዬው ለራሱ ካለበሰው በላይ ፈረሱን አልብሶት ነው የሚመጣው። የባለቤቴ ወንድም ፋግታ ነው የሚኖረው፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ሸጦ መጀመሪያ የገዛው ነገር ባጃጅ ነው፣ ቤቱ ገና ጭቃው አልደረቀም። ሰው ምን ይለዋል? አንድ የሱቅ ጎረቤቴ ደግሞ ለልጁ ሰርግ ቪ8 ተከራይቶ ለሶስት ቀን ሰፈሩን ዞረበት፣ ከዛ በኋላ የማን ነው ለሚለው ሁሉ "የዘመድ ነው" ይል ነበር፣ በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው።

እንዳትሳሳቱ ክብሩ በነፃ አይደለም። መኪና ካለህ የሰፈሩ እድር እቃ ግዢ ትሆናለህ፣ ሳልመረጥ ነው የተመረጥኩት፣ ድንኳኑንም ድስቱንም የማመላልሰው እኔ ነኝ። ቡሬ ሀዘን ካለ አማቾቼ መጀመሪያ የሚጠይቁት ትመጣለህ ወይ ብለው አይደለም፣ "ስንት ሰው ትይዝልናለህ" ነው። ነዳጅ ልሙላልህ የሚል በአምስት ዓመት ሁለት ሰው ነው ያጋጠመኝ፣ አንዱ ቄሱ ናቸው።

ባለፉት ሁለት ሶስት ዓመታት ደግሞ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ የከረመችበት ጊዜ ይበዛል። የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው፣ ሌላ አስተያየት የለኝም። ቆማም ግን ጠዋት ጠዋት ወጥቼ አስነሳትና አስር ደቂቃ ውስጧ ቁጭ እል ነበር፣ ለባትሪው ነው እላለሁ።

በ2015 ግንቦት ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ተደወለልኝ፣ እማ ትንፋሽ አጥሯታል። በዛ ሰዓት ባጃጅ የለ፣ የሰው መኪና ለምኜ እስኪነሳ ይነጋል። ፒጃማ እንደለበስኩ ወጣሁ፣ ደርቆ ስለነበር መንገዱ ያዘልኝ፣ ሆስፒታል አድርሻት ኦክስጅን ሲያደርጉላት ነው ጫማ እንዳላደረግኩ ያወቅኩት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ፣ ማድረሱን አድርሳልኛለች። ያን ቀን 640 ሺሁን ረሳሁት።

ኤሌክትሪክ መኪና ይሻል ነበር ወይ የምትሉ አላችሁ። በ2014 ቫትም ኤክሳይዝም ተነስቶላቸው ነበር፣ ተገጣጥሞ የሚገባው ላይ ጉምሩኩ 15 ፐርሰንት ተብሎ ነበር፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ባትሪያቸውን መልሰው ይሞላሉ ስለዚህ አባይ በረሃ ለነሱ ግማሹ ትርፍ ነው። አዲስ አበባ ብኖር እገዛ ነበር። እዚህ ግን መብራቱ ሲሄድ ማን እንደሚሞላልኝ፣ ሲበላሽ ማን እንደሚከፍተው ሳላውቅ አልገባበትም። ቪትዝን እንኳን የሰፈሬ ልጅ በመዶሻ ያስነሳታል።

ስለዚህ ቪትዝ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ከተማ ውስጥና አስፋልት ላይ ከሆናችሁ፣ ጭነት ካላበዛችሁ፣ ነዳጅ የምታገኙበት ሰው ካላችሁ ትገዛ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ከፍ ያለ ነገር ፈልጉ።

ስለ ወርቁ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት 1.6 ሚሊዮኑን ለእንግዳ ሳወራ ባለቤቴ ከጓዳ ካልኩሌተር ይዛ ወጣች። ወርቅ ቤት ጠይቃ ኖሯል። የኔ መኪና ሁለት እጥፍ ተኩል ሆናለች፣ የሷ ሀብልና አምባር ግን ሳይሸጥ ቢቆይ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር፣ ያውም ዘይት ሳይቀየርለት፣ ቦሎ ሳይከፈልለት፣ እድር ድስት ሳይጫንበት። እንግዳው ቡናውን ትቶ ወደኔ ያያል። "እንግዲህ ኢንቨስትመንት ነው ያልከኝ አንተ ነህ" አለችና ገባች፣ ከዛ ከውስጥ ሆና "ነገ ግን ጅጋ ስትሄድ እኔም አብሬህ ነኝ፣ ከፊት ነው የምቀመጠው" አለችኝ።