ለኤርብራሽ አየር ከየት? ኮምፕሬሰር ወይስ የጋዝ ሲሊንደር

ትንንሽ የአውሮፕላንና የመኪና ሞዴሎችን በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ፣ ለሚቀባ ሰው መርጫው ብቻውን ምንም አያደርግም። አየር ይፈልጋል።

እኔ ምርጫዬ አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ነው። የጎሚስታውን ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ በአንድ እጅ የሚነሳ ትንሽ ማሽን ነው። ሶኬት ላይ ሰክቶ መቀባት ነው። ስትገዙ ግን 3 ሊትር ገደማ የአየር ማጠራቀሚያ ያለውን ያዙ። ማጠራቀሚያ ከሌለው ፒስተኑ በመታ ቁጥር አየሩ ይርገበገባል፤ ቀጭን መስመር ስታሰምሩ ያስታውቃል። ዋናው ጣጣ ውሃ ነው። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥበቱ ጠብታ ይሆናል። ያቺ ጠብታ ክንፉ ላይ ዱብ ካለች የሰዓታት ልፋት ገደል ገባ። ስለዚህ የውሃ ማጥመጃ የግድ ነው። ድምፁም ሌሊት ላይ ያሳቅቃል።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር፣ ያው ድራፍት ቢራ የሚገፋው ጋዝ፣ ጭጭ ያለ ነው። ጋዙ ደረቅ ስለሆነ የጠብታ ስጋት የለም። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ውስጡ ፈሳሽ እስካለ ግፊቱ ብዙም አይወርድም። ግን ሲያልቅ ተሸክሞ ማስሞላት አለ፤ እኔን ያሰለቸኝ እሱ ነው። ደግሞም በክፍል ሙቀት ግፊቱ ከ800 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያልፋል። ለሞዴል የሚበቃው ከ15 እስከ 20 ነው። ግፊቱን የሚቀንሰው ሬጉሌተር ከሌለ አይሞከርም። ሲሊንደሩን አቁማችሁ ከግድግዳ ጋር እሰሩት። መስኮቱንም ክፈቱ፤ ጋዙ ሽታ የለውም፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል።